ሞንሮቪያ የደረስኩ ሰሞን

ባለፈው ቅዳሜ ከአጠና ተራ ሽንኩርትና ቲማቲም ሸምቼ ስመለስ አንዲት የሰፈራችን እናት «ሲስተር! ሲስተር!» እያለች ከኋላዬ ደረሰችብኝ። ዘንቢሌን ተቀብላኝ ትንሽ እንደተራመድን የሆዷን ዘረገፈችው። ሁለተኛ ልጇ ነርስ ናት፤ ከተመረቀች ሦስት ዓመቷ ነው። አሁን ለአጭር ጊዜ የበጎ ፈቃድ ሥራ ወደ አንድ የአፍሪካ አገር ልትሄድ ተመርጣለች። «አባቷ ዝም ብሏል፤ እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም። እርስዎ ሄደው አይተውት የለ? እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልልቀቃት ወይስ ላስቀራት?»

መንገድ ላይ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። «እሑድ ነይ፤ ቡና እየጠጣን እነግርሻለሁ» ብያት ተለያየን። መጣችም። ያን ቀን የነገርኳትን ነው ዛሬ ለእናንተም የማጫውታችሁ። ልጅ የላካችሁ፣ ለመላክም የምታመነቱ ወላጆች ከዚህ ዓምድ አንባቢዎች መካከል እንደማትጠፉ አውቃለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው። በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ኢቦላ ከተነሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። የአፍሪካ ኅብረት ባቀረበው ጥሪ ከአገራችን 187 የጤና ባለሙያዎች ዘመትን። ናይጄሪያውያንና ኬንያውያንም ነበሩበት። ከእኛ መካከል ወደ ሴራሊዮን የሄዱ አሉ፤ እኔ የደረሰኝ ላይቤሪያ ነው። ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነበር። ልጄ «እማ፣ በዚህ ዕድሜሽ?» ብላ አለቀሰች። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንቺ ካልሄድሽ ማን ይሂድ?» አለኝ፤ ብሎኝ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

የደረስነው በጨለማ ነው። የእኛን የታኅሣሥ ውርጭ ለምጄ ሹራብ ደርቤ ነበር፤ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ፈላ ድስት እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ፓስፖርት የጠየቀን ሰው ከመኖሩ በፊት እጃችንን ታጠብን። ከበሩ ጎን ቧንቧ ያለው ባልዲ ቆሟል፤ ውኃው በረኪና በረኪና ይሸታል። ቀጥሎ አንድ ወጣት ሽጉጥ የሚመስል የሙቀት መለኪያ ግንባሬ ላይ ደግኖ ቁጥሩን በወረቀት ጻፈልኝ። በዚያ አገር በቆየሁባቸው ወራት ባንክ ስገባ፣ ሱቅ ስገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ስገባ፣ የማድርበት ቤት በር ላይም ሳይቀር ይኸው ባልዲና ይኸው ሽጉጥ ይጠብቀኝ ነበር። ዛሬም ነጭ ልብስ በበረኪና ስዘፈዝፍ ትዝ የሚለኝ ሞንሮቪያ ነው።

ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ከተማው አንድ ሰዓት ያህል ያስነዳል። ግራና ቀኙ የጎማ ዛፍ ነው፤ ፋየርስቶን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ የያዘው እርሻ ነው አሉን። በመኪናው መብራት ዛፎቹ ተሰልፈው ሲያልፉ የእኛን ባሕር ዛፍ መሰሉኝ። ጠዋት ተነስቼ መስኮቱን ስከፍት ግን ከፊቴ ያለው ውቅያኖስ ነው። ከላንጋኖ የሚበልጥ ውኃ አይቼ ለማላውቅ ሴት ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ገምቱት።

ስለ ከተማዋ ጥቂት ልበል። ሞንሮቪያ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1822 ከአሜሪካ በመጡ ነፃ ጥቁሮች ሲሆን፣ ስሟንም ያገኘችው ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከጄምስ ሞንሮ ነው። ላይቤሪያ በ1847 ነፃ አገርነቷን አወጀች። ባንዲራዋ የአሜሪካ ሆኖ ኮከቡ አንድ ብቻ ነው ብላችሁ አስቡት። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2003 በሁለት ዙር ጦርነት ተቃጥላለች፤ ኮረብታው ላይ ያለው ዱኮር የተባለ ትልቅ ሆቴል መስኮትና በር ሳይኖረው ባዶውን ቆሞ ይታያል። አንድ ሽማግሌ ከኢትዮጵያ መምጣቴን ሲሰሙ ኮፍያቸውን አነሱልኝ። ሁለቱ አገሮቻችን እ.ኤ.አ. በ1960 የዛሬዋን ናሚቢያ ጉዳይ ይዘው ደቡብ አፍሪካን በዓለም ፍርድ ቤት አብረው እንደከሰሱ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ አላውቅም ነበር፤ አፈርኩ።

አሁን ወደ እጅ ነገር ልምጣ። በመጀመሪያው ጠዋት ሊወስደን ለመጣው ሾፌር እንደ አገሬ ልማድ «እንደምን አደርክ» ለማለት እጄን ዘረጋሁ። ሰውዬው ሁለት እጆቹን ወደ ኋላው ደበቀ። ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ፈገግ አለ እንጂ አልነካኝም። ኮልፌ ውስጥ ጉንጭ ሦስት ጊዜ ካልተሳሳመ፣ ትከሻ ካልተጋጨ ሰላምታ ሰላምታ አይመስለንም አይደል? በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ ለሌላ ሰው የማስተምር ሴት ነኝ፤ ግን ውስጤ ቅር አለው። «ቀዝቃዛ ሰዎች ናቸው» ብዬ በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ያ ደብተር አሁንም አለ፤ ያቺን መስመር ባነበብኩ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

ለካስ ላይቤሪያውያን በሰላምታቸው የታወቁ ናቸው። ይጨባበጡና እጃቸውን ሲለቁ አንዱ በሌላው ጣት «ቀጭ» የምትል ድምፅ ያሰማሉ። ልጅ አዋቂው ሳይቀር የሚያውቃት ነገር ናት። ያን የተዉት በየቤቱ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። በሦስቱ አገሮች ከ28 ሺህ በላይ ሰው ታሞ ከ11 ሺህ በላይ ሞቷል፤ ከሟቾቹ ከ4,800 በላይ የሚሆኑት የላይቤሪያ ናቸው። ኢቦላ በአየር አይሄድም። በታመመ ሰው ላብ፣ ትውከት፣ ተቅማጥና ደም ነው የሚተላለፈው። ስለዚህ የሚይዘው የሚያስታምመውን ነው፤ ልጇን ያቀፈችውን እናት፣ አማቷን ያጠበችውን ምራት። የሸሸው ተርፎ የተጠጋው የሚሞትበት በሽታ ነው። ሾፌሩ እጁን የደበቀው እኔን ሊጠብቅ ነበር።

እዚህ ላይ የኮልፌ ሰው እንደመሆኔ አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪ ሳለሁ ለልምምድ ዘነበወርቅ አለርት ሆስፒታል ተመድቤ ነበር። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ነው። በመጀመሪያ ቀኔ አንዲት ታካሚ ጣት የሌለው እጃቸውን ሲዘረጉልኝ ለአፍታ አመነታሁ። አብራኝ የነበረችው አሮጊት ነርስ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችውና ዞራ አየችኝ። ምንም አላለችም። የሥጋ ደዌ በመጨባበጥ እንደማይተላለፍ፣ በመድኃኒትም እንደሚድን መጽሐፉ ላይ አንብቤዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት በሽተኛ መንካት ሥራዬ ሆነ። ሞንሮቪያ ስደርስ ደግሞ የተማርኩትን ሁሉ መርሳት ነበረብኝ።

ያስረሳችኝ የልጄ እኩያ የሆነች ላይቤሪያዊት ነርስ ናት። እዚህ ላይ ኔልሰን ማንዴላን ላንሳ። በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ እንደነበር ታውቃላችሁ። ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ የተሳፈሩበትን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የሚያበረው ጥቁር መሆኑን ሲያዩ ለአፍታ እንደደነገጡና ራሳቸውን እንደገሠጹ በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ላስተምር የመጣሁ መስሎኝ ነበርና ያቺ ልጅ ፊቴ ስትቆም «አሠልጣኛችን መቼ ይመጣል?» ብዬ ጠየቅኳት።

ቢጫ ቱታ፣ ቦት ጫማ፣ ሁለት ጓንት በላይ በላዩ፣ ማስክ፣ መነጽር፣ ሽርጥ። ማን ማን እንደሆነ ስለማይለይ ስማችንንና የገባንበትን ሰዓት ሽርጡ ላይ በማርከር ይጽፉልናል። በዚያ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይበትም፤ ስወጣ ከቦት ጫማዬ ላብ እንደ ውኃ ይፈስ ነበር። ከባዱ ግን መልበሱ አይደለም፣ ማውለቁ ነው። ደክሞሃል፣ አፍኖሃል፣ ቶሎ ልገላገል ትላለህ፤ ብዙ ባለሙያ የተያዘው እዚያች ላይ ነው። ልጅቷ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ እያንዳንዷን እንቅስቃሴዬን ትመራኛለች። «እጅሽን ታጠቢ። አሁን ሽርጡን። እጅሽን ታጠቢ። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ መነጽሩን ከኋላ ያዥው።» ስቸኩል «ስሞል-ስሞል፣ ኦልድ ማ» ትለኛለች፤ «ቀስ በቀስ፣ እማማ» እንደማለት ነው። «ኦልድ ማ» እዚያ አገር ለእናት የሚሰጥ የክብር ስም ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ ግን ገና እንዳላረጀሁ ልነግራት ፈልጌ ነበር። በላይቤሪያ ብቻ ከ180 በላይ የጤና ሠራተኞች በኢቦላ እንደሞቱ፣ አብረዋት የተመረቁም በመካከላቸው እንደነበሩ የነገረችኝ ሳምንት ቆይታ ነው።

ሌላም ያልጠበቅኩት ነገር ነበር። አልጋዎቹ ባዶ ነበሩ። ወረርሽኙ ሞንሮቪያን ያጠቃበት ክፉው ጊዜ ነሐሴና መስከረም ነበር፤ እኛ ስንደርስ ቁጥሩ ወርዷል። በብዙ ገንዘብ የተሠሩ ማዕከላት ገና በሽተኛ ሳይገባባቸው በሽታው እየለቀቀ ነበር። እውነቱን ለመናገር ዘግይተን ደረስን። ጓደኞቼ ተበሳጩ፤ እኔም። ሥራ ግን አልጠፋም። ጤና ጣቢያዎች ከፍርሃት የተነሳ ተዘግተው ስለነበር ምጥ የያዛት ሴት ከበር ትመለስ ነበር፤ ደም ያለበት ሥራ ነውና ማንም አይነካትም። የሕፃናት ክትባት ተቋርጧል። ለሁለት ወር ያህል የሠራሁት አዋላጆች በጓንትና በበረኪና ተጠብቀው እንደገና ሴት እንዲያዋልዱ ማገዝ፣ እናቶችም ልጆቻቸውን ይዘው እንዲመጡ መለመን ነበር። ትምህርት ቤቶች ከሐምሌ ጀምሮ ዝግ ስለነበሩ መንገዱ በላስቲክ የታሸገ ውኃ በሚሸጡ ልጆች ተሞልቷል። የካቲት 9 ቀን ሲከፈቱ ልጆቹ ባልዲ ፊት ተሰልፈው ሳያቸው በልቤ እልል አልኩ።

ምግቡን አልዘለውም፣ እናቶች ስለምትጠይቁኝ። ሩዝ ነው፤ ጠዋት ማታ ሩዝ። በላዩ በፓልም ዘይት የተሠራ የካሳቫ ቅጠል ይፈስበታል። ሩዝ ካልበላ «ዛሬ አልበላሁም» ይላል ላይቤሪያዊ፤ እኛ በእንጀራ እንደምንለው መሆኑ ነው። ሚጥሚጣ ለምጃለሁ ብዬ የእነሱን ቃሪያ በሙሉ አፌ ነከስኩና ማዕድ ላይ ያሉት ሰዎች ስቀው እስኪያለቅሱ ድረስ ጉድ ሆንኩ።

አሁን የምነግራችሁን ለዚያች እናት መንገር ከብዶኝ ነበር። በጣቢያችን በረኪና መርጫ በጀርባው አዝሎ ከኋላችን እየተከተለ የሚረጭ ዝምተኛ ሰው ነበር። አንድ ቀን ጥላ ሥር ተቀምጠን የእናቱን ነገር አወጋኝ። ነሐሴ ላይ ሞተውበታል። የዚያን ጊዜ አስከሬኑ ራሱ በሽታውን ስለሚያስተላልፍና መቃብር ስለ ጠፋ፣ መንግሥት በሞንሮቪያ የሞተ ሁሉ እንዲቃጠል አዞ ነበር። ነጭ የለበሱ ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው። አልተከተለም፣ አልቀበረም። «የትኛው አመድ የእኔ እናት እንደሆነች አላውቅም» አለኝ።

እኔ ደግሞ አያቴን አስታወስኩ። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባን ስለመታው የኅዳር በሽታ ልጅ ሆነን ትነግረን ነበር፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናጥንበትን። ታላቅ እህቷን ያለ ለቀስተኛ፣ ያለ ሠልስት እንደቀበሩ ስትነግረን ከሞቱ ይልቅ ለቅሶ አለመቀመጣቸው ነበር የሚያስለቅሳት። እድር የሌለበት፣ ድንኳን የማይጣልበት፣ «እግዜር ያጽናሽ» የሚል ጎረቤት የማይመጣበት ሞት። ለሰውዬው ይህን ነገርኩት። ልጨብጠው አልቻልኩም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ፤ እሱም እንደዚያው አደረገ። ሁለት ሜትር ያህል ተራርቀን ብዙ ተቀመጥን። በዚያች ከተማ ስለ «ቀዝቃዛ ሰዎች» የጻፍኩትን የሰረዝኩት ያን ማታ ነው።

እኛ በደረስን ሰሞን ማቃጠሉ ቀርቶ ዲስኮ ሂል የሚባል የመቃብር ቦታ ተከፍቶ ነበር። ላይቤሪያውያን በየዓመቱ በፈረንጆች መጋቢት ሁለተኛው ረቡዕ የቤተሰባቸውን መቃብር አርመውና ቀለም ቀብተው የሚውሉበት በዓል አላቸው። በዚያ ዓመት መጋቢት 2 ቀን ዋለ። የተቃጠሉት ሰዎች አመድ ወደ ዲስኮ ሂል መጥቶ ነበርና ሰውየውም ሄደ። ሲመለስ ጫማው ቀይ አፈር ነበር። «አለቀስን፣ ኦልድ ማ» አለኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በሽታው ተይዞ እስኪታይ እስከ 21 ቀን ሊወስድ ስለሚችል ሦስት ሳምንት ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ ሙቀቴን ጠዋትና ማታ እለካለሁ። ምልክት የሌለበት ሰው በሽታውን እንደማያስተላልፍ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለጎረቤት ሰላም ብዬ ነው። ጎረቤት ግን ከሰላምም አለፈ። ሠላሳ ዓመት ቡና የተጣራሁት ቤት ልጆቹን በእኛ በር እንዳያልፉ ከለከለ። አንድ ባለሱቅ ከልጄ ገንዘብ በላስቲክ ተቀበላት። ይህ የሆነው ዘነበወርቅ አጠገብ፣ በሥጋ ደዌ ምክንያት ሰው ሲገለል ባየ ሰፈር ነው። ከበሽተኛ ጋር በሠራሁባቸው ቀናት ያላለቀስኩትን በዚያች ክፍል አለቀስኩ። አንዲት አሮጊት ብቻ በየጠዋቱ ቡና በጀበና አምጥተው ከደጃፉ ያስቀምጡልኝ ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር፤ ስኒዬን እንኳ በአመድ አላጠቡትም።

የልጅ ልጄ ያኔ አምስት ዓመቱ ነው። ግቢው መሐል በኖራ መስመር አስምሬለት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ቆሞ «እማማ፣ ዛሬ ስንተኛ ቀን ነው?» ይለኛል። ክርኔን እያወዛወዝኩ ሰላምታ አስተማርኩት። በ22ኛው ቀን መስመሩን በእግሩ ደምስሶ መጣና ክርኑን ዘረጋልኝ። ማቀፍ እንደሚፈቀድ ልነግረው ረስቼ ነበር። ላይቤሪያ ከኢቦላ ነፃ መሆኗ የተነገረው ግንቦት 1 ቀን ነው፤ ሬዲዮኑን አብረን ሰማን። በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲመጣ፣ ባልዲው ኮልፌ በየሱቁ ደጃፍ ሲቆም፣ ክርኑን ቀድሞ ያወጣው ይኸው ልጅ ነው።

ሴትየዋ ይህን ሁሉ ሰምታ ሁለተኛውን ስኒ ሳትጠጣው አቀዘቀዘችው። «እንግዲህ ልልቀቃት እያሉኝ ነው?» አለችኝ።

ልጅቷ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የምንለቅቃትም የምናስቀራትም እኛ አይደለንም አልኳት። ይልቅ ከመሄዷ በፊት የምትጠይቂያት አለ። ብትታመም የሚያወጣት ማነው? በጽሑፍ አላት ወይ? የቢጫ ወባ ክትባት ካርዷን ይዛለች? አዲስ አበባ ያደገች ልጅ ወባ አታውቅም፤ መከላከያ ኪኒኗን ከመነሳቷ በፊት ጀምራ ከተመለሰች በኋላም የታዘዘላትን ያህል መቀጠል አለባት፤ ብዙዎች ቤት ሲገቡ ያቋርጡታል። ሥራ ላይ የምትታዘዘው ለማን ነው? በሳምንት ስንት ቀን ትደውላለች? ደግሞ ስትመለስ ጎረቤት ቢሸሻት አንቺ ምን እንደምታደርጊ ከአሁኑ አስቢበት። እኔን በሽታው አልነካኝም፤ ያ ግን ነክቶኛል።

ብዙ ዝም አለች። ሦስተኛው ተቀዳ።

«በርበሬስ?» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ስንት ኪሎ ትያዝ?»

«ሁለት። አንዱን እዚያ ታድለዋለች።»